ስለ እግራችን ያልተናገርኩት

ታናሽ እህቴ ልቧ ላይ ቀዳዳ ይዛ እንደተወለደች ያወቅነው አሥራ አራት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ጉልበት የሌላት ልጅ ናት ብለን ነበር የምንኖረው። ከሐይቅ ከተማ ገበያ ወደ ቤታችን የሚያወጣው ዳገት አጭር ነው፤ እሷ ግን ሁለት ጊዜ ትቀመጥበት ነበር። አንደኛው መቀመጫዋ የወፍጮ ቤቱ ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ ግንብ አጥር ሥር ያለ ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ስላት «አላውቅም እትዬ፣ ሁሉም ይደክመኛል» ትለኝ ነበር። ያ «ሁሉም» የሚለው ቃል ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እውነቷን ነበር። ሁለት በሽታ ነበረባት፤ እኛ ግን አንዱን ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግነው።

እኔ ያኔ ከሳዑዲ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም። እናታችን የሞተችው እዚያ ሰው ቤት ስሠራ ነው፤ ለቅሶዋን የተቀመጥኩት በስልክ ነው። ስመለስ ለእህቴ እናትም እህትም እኔው ሆንኩ። የተመለስኩበትን ምክንያት ለማንም በትክክል አልተናገርኩም። ኮንትራቴ አለቀ ነበር የምለው። እውነቱ ግን ዕቃ ከእጄ እየወደቀ አስቸግሮኝ ነው። ብርጭቆ፣ ሳህን፣ አንድ ጊዜም ትኩስ ሻይ የሞላ ማንቆርቆሪያ። አሠሪዬ ሆን ብዬ የማደርገው መስሏት አሰናበተችኝ። ጣቶቼ ሲደነዝዙ የኤሲው ብርድ ነው እል ነበር። ሐይቅ ተመልሼ፣ ኤሲ በሌለበት ቤት፣ ሲደነዝዙም የሆነ ሌላ ምክንያት ሰጠኋቸው።

አባታችን ዓሣ አጥማጅ ነው። የከተማው ሰው ከሩቅ የሚለየው በአካሄዱ ነው፤ ጉልበቱን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ አድርጎ ያነሳል፣ ከዚያ የእግሩ መዳፍ በሙሉ መሬቱን በጥፊ ይመታዋል። ጧ፣ ጧ። ታንኳው ላይ ከተቀመጠ ግን ከማንም አያንስም። እንደሚመስለኝ ሐይቁን የመረጠው ለዚህ ነው፤ እዚያ ሁሉም ሰው ተቀምጦ ነው የሚውለው። መስጊድ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ጀምዓው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ይነሳል። ሠርግ ቤትም እንዲሁ። ልጅ ሳለሁ ለሶላት ያለው ትጋት ይመስለኝ ነበር። ሰው ፊት ላለመራመድ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

የአባቴ ወገኖች አምባሰል ናቸው፣ ከውጫሌ በላይ። ታላቅ እህቱ እስካሁን እዚያው ናት፤ እሷም እንደሱ ነው የምትራመደው፣ በዱላ ተደግፋ። አያቴም እንዲሁ ነበር ይላሉ። በሰፈሩ የሚወራ ነገር አለ፤ ከቤቱ በታች ያለችውን ምንጭ ከአያቶቻችን አንዱ በቀትር ረግጧት ነው፣ የምንጯ ባለቤት የዘሩን እግር ይዛ ቀረች ይባላል። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ከዘመዶቻችን ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው፤ ሼሁም ቄሱም ይህን ወሬ አይወዱትም፣ የማያውቀው ሰው ግን የለም። እኔ ልጅ ሆኜ አምባሰል ስከርም ያቺን ምንጭ ዞሬ ነበር የማልፋት። ከሩቅ ድምፅዋን ስሰማ ጣቶቼን ጫማዬ ውስጥ እሰበስባለሁ።

የእህቴ የልብ ነገር የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ትምህርት ቤት ወድቃ ግንባሯ ተፈነከተና ደሴ ወስጄ አሰፋኋት። ቁስሉን የሰፋው ወጣት ሐኪም ደረቷን አዳመጠ፤ ደግሞ አዳመጠ። ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ እንድትነሳ ላከን። ያየቻት ሐኪም በላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መሀል ቀዳዳ እንዳለ፣ ከእናቷ ማሕፀን ይዛው እንደመጣች፣ በቀዶ ሕክምና መደፈን እንዳለበት ነገረችን።

«የምትወድቀው ለዚህ ነው?» አልኳት።

«ቶሎ እንድትደክም ያደርጋታል» አለች።

እኔ የሰማሁት «አዎ» የሚል መልስ ነው።

ለመናገር ይከብዳል እንጂ ያን ቀን ደስ ብሎን ነበር። ነገሩ ስም አገኘ። መሰናከሏን፣ የቅልጥሟን መቅጠን፣ ነጠላ ጫማ እግሯ ላይ አልረጋ ማለቱን፣ እስክሪብቶ አጥብቃ መያዝ አለመቻሏን፣ ሁሉንም ለልቧ ሰጠነው። አባቴ ሲሰማ አልሃምዱሊላህ አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ልብ ነው እንጂ እግር አይደለም» አለ። እንዲህ ያለው ለማን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም።

ስሟ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምናው ተመዘገበ። ወዲያው ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ቀጠሮዋ አለፈ። መንገዱ ተከፍቶ ወረፋዋ እንደገና ሲደርስ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዛችኋት ቅረቡ ተባልን።

ከመሄዳችን በፊት አክስቴ ዱዓ ታድርግላት ብዬ አምባሰል ወሰድኳት። ከውጫሌ ባጃጅ የሚደርስበት ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ እሷ በሰው በቅሎ፣ እኔ በእግሬ። አክስቴ ከቤቷ ፊት ካለው ካብ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። እህቴን አጠገቧ አስቀመጠቻትና ጫማዋን አወለቀችላት። የውስጥ እግሯን፣ ያንን ወደ ላይ የተቀለሰውን ጎድጓዳ፣ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰችው።

«ይኼማ የኛ ነው» አለች።

ጎረቤቷ ክርስቲያን ናት፤ ከግሸን ያመጣችውን ጸበል በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣችና ለእህቴ ሰጠቻት። አክስቴ ደግሞ እጇን ዘርግታ ረጅም ዱዓ አደረገች። ልንነሳ ስንል ክንዴን ያዘችኝ። «አደራ፣ እንደ ወንድማችን እንዳታስቀሯት» አለችኝ።

በወጣትነቱ የሞተ አጎት እንደነበረን አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ ስለሱ አይወራም። «እንዴት ነበር የሞተው?» ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ አፏ ላይ ነበር። ግን ባጃጁ ታች ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እህቴ በቅሎዋ ላይ ወጥታለች። «ኢንሻአላህ በሰላም እንመለሳለን» ብያት ወረድኩ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ የባጃጅ ጥሩንባ ነው።

በሄድንበት ቀን ጠዋት አባቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘን። ከባጃጁ አልወረደም። እህቴ ቦታ ልትይዝ ወደ መኪናው ስትሄድ በእጁ ጠራኝ።

«ስሚኝማ» አለ። «ስለ እግር ከጠየቁሽ የለም በይ። እሱም ታንኳ ላይ ወድቆ ነው በይ፣ ስለኔ ከመጣ።»

«ለምን አባባ?»

«ሌላ በሽታ አለባት ካሉ ወረፋዋን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ማን አለ እንዲህ?»

«ይባላል። አንድ በሽታ ነው ያለባት። ልብ ብቻ።»

እጄን ጨብጦ ያዘኝ። ሁለታችንም አጨባበጣችን የላላ ነው፤ ያኔ ያንንም አላየሁትም።

አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ውስጥ ብዙ ምርመራ አደረጉላት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን የማደንዘዣ ሐኪሟ ወረቀት ይዛ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠች። ረጋ ያለች ሴት ናት፣ ለመሄድ የማትቸኩል። አንድ በአንድ ጠየቀችን። አለርጂ አላት? ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዳ ታውቃለች? ከቤተሰብ ለቀዶ ሕክምና ተኝቶ ለመንቃት የተቸገረ ሰው አለ? የጡንቻ ወይም የነርቭ በሽታ ያለበት፣ አካሄዱ የተለየ ሰው አለ?

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«የለም» አልኩ።

ሐኪሟ ጻፈች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ «እግሯ ግን ቀጠን ይላል» አለች።

«ከልቧ ነው፤ ደሴ ነግረውናል» አልኩ። ደሴ እንዲህ ብሎ የነገረን ሰው የለም።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የአባቴን ቃል ላከብር ነው እላለሁ። ወረፋዋን እንዳታጣ ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ግን ከነሱ ሥር ሌላም አለ፤ «አዎ» ካልኩ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ስለኔ እንደሆነ አውቄ ነበር። ብርጭቆዎቹ ታሰቡኝ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ቀዳዳው ተደፈነ፣ ልቧ በራሱ መምታት ጀመረ ብሎ ሐኪሙ ወጥቶ ነገረኝ። አባቴ ጋ ደወልኩ። ሐይቁ ላይ ነበር፤ ከድምፁ ኋላ ውሃው ታንኳውን ሲመታ ይሰማል። ሲያለቅስ ሰማሁት።

በማግስቱ ትንፋሽ የሚሰጣትን ቱቦ ሊያወጡላት ነበር። ሞከሩ፤ ደረቷ አልተነሳም፤ መልሰው አስገቡት። ከሁለት ቀን በኋላ ደግመው ሞከሩ። ያኔም መለሱት። ፅኑ ሕሙማን ክፍል በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ከሰዓት በኋላ። ስገባ መሣሪያው እየነፋላት፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አገኛታለሁ። ፉ ይልና ያቆማል፤ ያቆማል፤ ፉ ይላል። በመሀል ያለችው ዝምታ ትክክለኛ ርዝመቷን እስካሁን አውቃታለሁ። ሐይቅ ያለው ቤታችን ውስጥ ሆኜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልብስ እያሰጣሁ፣ ያቺ ዝምታ ትመጣብኛለች፤ እጄ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀጣዩን ትንፋሽ እጠብቃለሁ።

ሐኪሞቹ ግራ ገብቷቸው ነበር። «ልቧ ጥሩ ነው» አለኝ አንዱ። «ሳንባዋም ንጹሕ ነው። ያልገባን ለምን በራሷ እንደማትተነፍስ ነው።» አንዴ ኢንፌክሽን ይሆን ይላሉ፣ አንዴ በቀዶው ጊዜ የተነካ ነገር ይኖር ይሆን ይላሉ፤ ደም ይወስዳሉ፣ ራጅ ያነሷታል፣ ልቧን ደግመው ያዩታል። ሁሉም ልቧና ሳንባዋ አካባቢ ነው የሚፈልጉት። እኔ ከመስተዋቱ ውጭ ቆሜ የት መፈለግ እንዳለባቸው አውቃለሁ። በእርግጥ አውቃለሁ ማለት አልችልም፤ ግን የአክስቴ አውራ ጣት እግሯ ላይ ሲሄድ ይታየኛል። እንደዚያ ሆኜ አምስት ቀን ዝም አልኩ። አሁን ብናገር ዋሽታ ነበር ይሉኛል፣ ሕክምናዋንም ያቋርጡባታል ብዬ ፈራሁ። እህቴ ስትነቃ መናገር ስለማትችል ታየኛለች። አስተያየቷ ያን ቀን «የለም» ስል ካየችኝ አይለይም።

በአምስተኛው ቀን ስገባ የማደንዘዣ ሐኪሟ አልጋዋ ግርጌ ነበረች። በትንሽ መዶሻ የእህቴን ጉልበት መታ መታ አደረገች። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ተረከዟ ላይም ሞከረች። ከዚያ ካልሲውን አውልቃ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው።

«ይህ እግር በአምስት ቀን እንዲህ አልሆነም» አለችኝ። «ዓመታት ነው የፈጀበት። እህቴ፣ የረሳሽው ነገር አለ?»

የረሳሽው ማለቷ ነው ያስለቀሰኝ። መውጫ እየሰጠችኝ ነበር።

«አልረሳሁም» አልኩ። «አባታችን እንዲሁ ነው። አክስታችንም። አያታችንም።»

አልተቆጣችም። ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣችና «ጫማሽን አውልቂ» አለች። አወለቅኩ። እግሬን አየች፣ ጣቶችሽን ወደ ላይ አንሺ አለችኝ፤ ያነሳሁ መስሎኝ ወደ ታች ሳይ አልተነሱም። «በተረከዝሽ ቁሚ» አለች። ልቆም ስል ወደ ኋላ ሄጄ ግድግዳው ያዘኝ። እሷ ክንዴን ያዘች። የዚያን ቀን ነው ሳዑዲ የሰበርኳቸው ዕቃዎች ለምን እንደተሰበሩ ያወቅኩት።

አባቴን እንዲመጣ አሉኝ። ሁለት ቀን ፈጅቶ መጣ። ከመኪና ወርዶ እስከ ሆስፒታሉ በር እንዴት እንደደረሰ አልጠየቅኩትም። ከማደንዘዣ ሐኪሟ ጋር የነርቭ ሐኪም የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኮሪደሩ ዳርና ዳር አስታማሚ ተቀምጦበታል፤ ጋቢ የለበሰ፣ ሂጃብ ያደረገ፣ ሰሃን የያዘ፣ ሠላሳ ሰው ይሆናል።

«አባት፣ እስከዚያ በር ሄደው ቢመለሱልን» አሉት ሽማግሌው።

አባቴ መጀመሪያ ሰዉን አየ። ቀጥሎ እኔን። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ክሩን ለመፍታት ብዙ ቆየ፤ ላግዘው ስል በእጁ ከለከለኝ። ከዚያ ሄደ። በሰድሩ ላይ እግሩ ሲያርፍ ከቤታችን አፈር ይልቅ ይጮኻል። አስታማሚዎቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ሰበሰበችው። አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ እስከ በሩ ደረሰ፣ ግድግዳውን ይዞ ዞረ፣ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ፊት ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

«ልድገመው?» አላቸው።

«ይበቃል አባት» አሉት።

«ይጠቅማታል ካላችሁ እደግመዋለሁ።»

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ አስቀምጠው አስረዱን። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ የነርቭ በሽታ ነው አሉ። ከአንጎል ወደ እግርና ወደ እጅ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች ከጫፍ ጀምረው ይደክማሉ። ከሳንባ በታች ያለው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻም ትእዛዝ የሚደርሰው በነርቭ ነው፤ በአንዳንድ ሰው እሱም ይደክማል፣ ሰውየው በደህናው ጊዜ ላያውቀው ይችላል። ጡንቻን ለማፍታታት ከማደንዘዣ ጋር የሚሰጠው መድኃኒትም እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቶሎ ላይለቅ ይችላል። «ልቧን መሥራታችን ትክክል ነው። አስቀድመን ብናውቅም እንሠራላት ነበር» አለች የማደንዘዣ ሐኪሟ። «አሠራራችንን ግን እንለውጥ ነበር።»

እንሠራላት ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወንድሜ ለሆዱ ነበር ሆስፒታል የገባው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ቀዶው ደህና ነው አሉን። አልነቃም። ትንፋሹ ሳይመለስ ቀረ። እግሩ እንደኔ ነበር።»

«አንተ ታውቅ ነበር?» አልኩት። ሐኪሞቹ ፊት፣ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

«ወንድሜ መሞቱን አውቃለሁ» አለ። «እግሩና ትንፋሹ አንድ ነገር መሆናቸውን ከየት ልወቅ?»

ሽማግሌው ሐኪም ስለ ሟቹ ያለ ማስረጃ ምንም ማለት አይቻልም አሉ። ግን ወረቀቱ ላይ ጻፉት። የአጎቴ ሞት በወረቀት ላይ ሲሰፍር ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አያያዟ ተለወጠ። ቱቦውን በአንዴ ከማውጣት ይልቅ መሣሪያው የሚያግዛትን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀነሱላት። አስቀምጠው ያስተነፍሷታል፣ ሲደክማት ይመልሷታል። ክርኗና ጉልበቷ ሥር ስፖንጅ አደረጉ፤ የደከመ ነርቭ አንድ ቦታ ከተጫኑት ይጎዳል አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቱቦው ወጣ። ለጥቂት ቀናት አፍንጫዋ ላይ ጭምብል ነበር፣ ከዚያ እሱም ቀረ። የመጀመሪያ ቃሏ «ውሃ» ነበር፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። አባቴ ማንኪያ ይዞ ሊሰጣት ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ተቀብዬ ስሰጣትም ተንቀጠቀጠብኝ። ነርሷ ከሁለታችንም ወስዳ አጠጣቻት።

የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና አጠገቧ ያለችው፣ ታጥፈው ቀሩ። ክርኗ አልጋው ብረት ላይ ተጭኖ ሳይሆን አይቀርም አሉ። መቼ? ስፖንጁ ከመደረጉ በፊት ነው? በነዚያ አምስት ቀናት ነው? በቀዶው ጠረጴዛ ላይ ነው? የማደንዘዣ ሐኪሟን ጠየቅኳት። «ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም» አለች። ደግ ናት፤ ለደግነቷ እንዳለችው አውቃለሁ። ግን የማይታወቅ ነገር እንደሚታወቅ ነገር አይተኛም። ፍርድ ቢሰጠኝ እቀበለው ነበር።

ሐይቅ ተመለስን። ከጥቂት ወራት በኋላ ብቻዬን አምባሰል ወጥቼ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ «እንግዲያ ምንጯ አይደለችም?» አለችኝ።

«አይደለችም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«ደማችን ነው አክስቴ። ከአያታችን ወደ እናንተ፣ ከአባባ ወደ እኛ።»

ሸለቆውን ቁልቁል አየች። «ምንጯ ትሻል ነበር» አለች። «እሷን ዞሮ ማለፍ ይቻላል።»

እህቴ ዳገቱን አሁን ሳትቀመጥ ትወጣዋለች፤ ቀስ ብላ፣ ግን ሳትቀመጥ። ልቧ እየሠራ ነው። ሲደክማት የትኛው እንደሆነ ለይታ ትነግረኛለች፤ «ይኼ እግሬ ነው፣ ልቤ ደህና ነው» ትላለች። ሁለታችንም ጫማ ውስጥ የሚገባ የእግር ደጋፊ ተሠርቶልናል። እኔን ለትዳር የጠየቀኝ ሰው ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን ነገርኩት። አስቤበት እመለሳለሁ አለ። አልተመለሰም። አልፈረድኩበትም፤ እኔ ራሴ ለማሰብ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አውቃለሁ።

ጥያቄው የመጣው ከተመለስን ዓመት ሊሞላን ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን። እህቴ በግራ እጇ የታጠፉትን ጣቶች እያቃናች መልሳ ትለቃቸዋለች፤ ሐኪሞቹ ያዘዟት ስፖርት ነው።

«አውቀሽ ነው የለም ያልሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለኔ ብለሽ ነው ለአባባ?»

«ላንቺ» አልኩ።

«እኔን ግን አልጠየቅሽኝም።»

ጣቶቿን አቃናች፣ ለቀቀች። «እኔም እኮ አፍ ነበረኝ ያን ቀን» አለች ቆይታ። «ልቤ እንዲሠራልኝ ፈልጌ ዝም አልኩ። ያንቺ ብቻ አታድርጊው።»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው? አንቺ ሳዑዲ ስትሄጂ ስንት ነበርሽ?»

ተነስታ ሄደች። ለሁለት ቀን ከአስፈላጊ ቃል በላይ አላወራችኝም፤ በሦስተኛው ቀን ፀጉሬን ሥሪኝ ብላ ፊቴ ተቀመጠች። ይቅር አለችኝ ወይ? አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩ። አንድ ነገር ብቻ ከለከለችኝ። ከሰዓት ጋደም ስትል በሩ ላይ ቆሜ ደረቷ ሲነሳ ሲወርድ አይ ነበር፤ በየቀኑ፣ ሳላስበው። አንድ ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ «እትዬ፣ አትቁጠሪኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግታ ነው የምትተኛው። እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ ምክንያት እየፈለግኩ እመላለሳለሁ፤ መጥረጊያ ይዤ፣ ባልዲ ይዤ። ምንም አይሰማም። ያ ምንም አለመሰማቱ ነው ልማድ ያልሆነልኝ።

ዘንድሮ ደሴ ኮሌጅ ገብታለች። ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ለሁለቱም ልጆች የሕመሟን፣ የእግሯን፣ የትንፋሿን ነገር በመጀመሪያው ቀን ነግራቸዋለች፤ እኔ ሳልሆን ራሷ ናት የነገረቻቸው። በስምንት ጣት ኮምፒውተር ላይ ከነሱ ፈጥና እንደምትጽፍም ነግራኛለች። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። አስቀምጬው ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ደወልኩ።

«ክፍል ውስጥ ነኝ እትዬ» ብላ በሹክሹክታ ተናግራ ዘጋችው።